ስለ ሰውነት ስብ

በመስቀል ሰሞን በቦዲቲ በሬ ሲታረድ የተመለከተ ሰው ሁለት ዐይነት ስብ ማየቱ አይቀርም፤ አንደኛው ከቆዳው ሥር የተነጠፈው ጮማ ሲሆን፥ ሁለተኛው ሆድ ዕቃውን የሸፈነው ሞራ ነው። በሰውም ገላ ውስጥ እንዲሁ ነው።

ብዙዎቻችን ስብን እንደ ጎተራ ብቻ እንቆጥረዋለን። ጎተራነቱስ እውነት ነው፤ አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ስለሚይዝ፥ በችጋር ጊዜ ነፍስን ያቆያል። ይሁን እንጂ ስብ ሕያው ብልት መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ በ1987 ዓ.ም. የታወቀው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ከስብ እየወጣ የስንቁን መጠን ለአንጎል ይነግራል።

ከቆዳ ሥር ያለው ጎተራ ሲሞላ ትርፉ ወደ ሆድ ዕቃና ወደ ጉበት ያልፋል፤ ያን ጊዜ የኢንሱሊን ሥራ ይሰናከላል፤ ስኳርም በደም ውስጥ ይበዛል። ሞራ ገላጭ በበሬው ሞራ ዕድል አያለሁ ይላል፤ እኛ ግን በሰው ሞራ የምናየው የስኳር በሽታንና የደም ግፊትን ነው። ስለዚህ የወገቡ ዙሪያ ከቁመቱ እኩሌታ የበለጠ ሰው፥ ክንዱ ቀጭን ቢሆንም እንኳ፥ ደሙን ያስመርምር።

ክሳትም ቢሆን ዋስትና አይደለም። ወላይታ ረኀብን የምታውቅ አገር ናት፤ በልጅነቱ ምግብ የጎደለበት ከሲታ ሰውም በስኳር በሽታ ሊያዝ ይችላል። ውሃ ጥም ከበዛበት፥ ሽንቱም ቶሎ ቶሎ ከመጣ፥ «ይህ የባለጸጎች ደዌ ነው» ብሎ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ።