ማራ ያልተባለችው ኑኃሚን

መጽሐፈ ሩትን የስሞቹን ትርጉም ይዘን ስናነበው ሌላ መልክ ይታየናል። ቤተ ልሔም በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት ነው፤ በየቤተ ክርስቲያናችን የቁርባኑ ኅብስት የሚሰናዳበትን ቤት ቤተ ልሔም የምንለውም ከዚሁ ነው። ታሪኩ ግን በእንጀራ ቤት ረኃብ ገብቶ ይጀምራል። ስሙ «አምላኬ ንጉሥ ነው» የሚለው ኤሊሜሌክ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሞዓብ ተሰደደ፤ እዚያም እርሱና ሁለቱ ልጆቹ ሞቱ።

ኑኃሚን «ደስ የምታሰኝ» ማለት ነው። ባሏንና ልጆቿን ቀብራ ስትመለስ ግን በዚህ ስም አትጥሩኝ፣ ማራ በሉኝ አለች። ለዚህ ቃል አስተርጓሚ አያስፈልገንም፤ መራራ ማለት ነውና። እኔን የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። መጽሐፉ ምሬቷን ሳይነቅፍ እንዳለችው ጽፎላታል፤ ነገር ግን ከዚያ እስከ ምዕራፍ 4 መጨረሻ አንድ ጊዜ እንኳ ማራ ብሎ አልጠራትም። ጎረቤቶቿም እንዲሁ። የሩትን ልጅ ስታቅፍ ሲያዩ ለኑኃሚን ልጅ ተወለደላት አሉ፤ ስሙንም ኢዮቤድ፣ ማለትም «አገልጋይ»፣ ያሉት እነርሱ ናቸው። በእኛ አገር ቢሆን ካሣ ወይም ማስረሻ ይሉት ነበር። ሁለቱን የሞቱትን ግን ያስረሳት አይመስለኝም።