ከአንድ ግሥ የወጡ ቃላት፦ ሚሲዮን፣ ኮሚሽን፣ ሚሳይል

የሐረሩ ሚሲዮን

ሐረር ውስጥ «ሚሲዮን» ሲባል የካቶሊኮቹ መሆኑን ልጅ አዋቂው ያውቃል። የካፑቺን መነኮሳቱ ቅዳሴ እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በላቲን ነበር፤ ከወጣቱ ተፈሪ መኰንን መምህራን አንዱ የነበሩት ሞንሴኞር እንድርያስ ዣሮሶም የቀደሱት በዚሁ ቋንቋ ነው። ሚሲዮን የመጣው «ሚተሬ» ከሚለው የላቲን ግሥ ነው፤ መላክ ማለት ነው። ሚሲዮን እንግዲህ ተልእኮ ነው።

ትርጉሙ

ሚተሬ ከመላክ ይሰፋል። መልቀቅ፣ ማሰናበት፣ መወርወርም ነው። ሮማዊው ደብዳቤ ሲልክም ጦር ሲወረውርም በዚሁ ግሥ ይናገራል፤ ሁለቱም ከእጁ ወጥተው ይሄዳሉና። ቄሱ በቅዳሴው ፍጻሜ ሕዝቡን የሚያሰናብትበት ቃል ውስጥ «ሚሳ» አለ፤ ሥርዓቱ ራሱ በላቲን ሚሳ የተባለው ከዚያ ነው።

አራቱ ቅርጾች

የላቲን ተማሪ ግሥን በአራት ቅርጽ ያጠናል፦ ሚቶ (እልካለሁ)፣ ሚተሬ (መላክ)፣ ሚሲ (ላክሁ)፣ ሚሱም። «የተላከ» የሚለው ሚሱስ ከአራተኛው ጋር አንድ ግንድ ነው። ጆሯችሁን እዚህ ላይ ስጡ፦ በሚሲ «ሲ» ይላላል፣ በሚሱም «ሱ» ይጠብቃል። በእኛ ገና (በዓሉ) እና ገና (እስካሁን) እንደምንለየው ነው፤ ሳይጠብቅ ካነበባችሁት ቅርጹ ይምታታል።

ማን ላከ?

ሚቶ፣ ሚቲስ፣ ሚቲት፤ ሚቲሙስ፣ ሚቲቲስ፣ ሚቱንት። ባለቤቱን የሚነግረን መድረሻው ነው፤ ላክሁ፣ ላክህ፣ ላከ እንደምንለው። እልካለሁ፣ ትልካለህ፣ ይልካል ስንል ግን አማርኛ መነሻውንም ይለውጣል፣ ላቲን አይለውጥም። ሚቲት ይልካልም ትልካለችም ነው፤ ለአንቱታም የተለየ ቅርጽ የለውም።

በአፋችን ያሉት

ደላላው የሚቀበለው ኮሚሽን፣ መካኒኩ የሚፈታው ትራንስሚሽን፣ በዜና የምንሰማው ሚሳይል ሁሉም ከሚሱም ግንድ ናቸው። «ትራንስ» ማዶ ማሻገር ነው፤ ትራንስሚሽን የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማው ያሻግራል። ሚሳይል ደግሞ ከጥንቱ የመወርወር ትርጉም ወጥቷል። ኮሚቴ ግን «ት»ን የያዘው ከሚተሬ ግንድ በመውጣቱ ነው፤ አደራ የተሰጠው ማለት ነው። «ሚት» ያለበት ሁሉ ግን ዘመድ አይደለም። ሰሚት ከዚህ ቤት አይደለም፤ «ከሁሉ ከፍ ያለ» ከሚል ሌላ የላቲን ቃል ነው።