የሴት ልጆች የሩጫ ምድብና የልጃገረዶች ክብር

በአዳማ፣ በአሰላም ሆነ በበቆጂ የትምህርት ቤት ሩጫ ሲካሄድ ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ይሰለፋሉ። ምክንያቱን ከበቆጂ ሳንወጣ ማስረዳት ይቻላል። ቀነኒሳ በቀለ በ2004 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 በ14 ደቂቃ ከ11.15 ሰከንድ ፈጸሙ። ሁለቱም የበቆጂ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም በየጊዜያቸው የዓለም ክብረ ወሰን ሰብረዋል። በዚያ ፍጥነታቸው አብረው ቢሮጡ ግን ቀነኒሳ ሲጨርስ ጥሩነሽ ከ500 ሜትር በላይ ይቀራት ነበር። ይህም ከትጋት ማነስ የመጣ አይደለም፤ ወንድ ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ቴስቶስተሮን የተባለው ሆርሞን ጡንቻውን፣ አጥንቱንና ደሙን ስለሚለውጠው ነው። ምድቡ ባይለይ ኖሮ ጥሩነሽን ማን ያውቃት ነበር?

ስለዚህ ምድቡ ሊጠበቅ ይገባል። የሚያከራክረው የአጠባበቁ መንገድ ነው።

በ1966 ቡዳፔስት ላይ ሴት አትሌቶች በሐኪሞች ፊት ራቁታቸውን እንዲቆሙ ተደረገ፤ ከዚህ የባሰ ውርደት ማሰብ ያዳግታል። ከ1968 ጀምሮ በኦሎምፒክ የክሮሞዞም ምርመራ ተተካ። ደራርቱ ቱሉ በ1992፣ ፋጡማ ሮባ በ1996 ወርቅ ባገኙባቸው ጨዋታዎች ሴት ተወዳዳሪዎች የመመርመር ግዴታ ነበረባቸው። በ1996ቱ የአትላንታ ጨዋታ ከተመረመሩት 3,387 ሴቶች በ8ቱ ላይ የወንድ ክሮሞዞም ምልክት ቢገኝም፣ ሁሉም እንዲወዳደሩ ተፈቅዶላቸዋል፤ የአብዛኞቹ ሰውነት በሙሉ ወይም በከፊል ለቴስቶስተሮን ምላሽ የማይሰጥ ነበርና። ምርመራው በ1999 ቀረ። ይሁን እንጂ የዓለም አትሌቲክስ በ2025 ከቶኪዮው ሻምፒዮና ጀምሮ በዘረመል ምርመራ መልሶታል፤ በሴቶች ምድብ የምትሰለፍ አትሌት በሕይወቷ አንድ ጊዜ ከጉንጯ ወይም ከደሟ ናሙና ትሰጣለች።

በአሜሪካ ክርክሩ ትምህርት ቤት ድረስ ገብቷል። የአይዳሆ ክፍለ ግዛት በ2020 ወንድ ሆነው የተወለዱ ተማሪዎች በሴቶች ምድብ እንዳይወዳደሩ በሕግ ከለከለ። ሕጉን ከፍ ያለ ተቃውሞ ያስነሣበት አንዱ ነገር የተጠረጠረች ተማሪ አካሏ እንዲመረመር በር መክፈቱ ነው። ተቃውሞው በዚህ ነጥብ ላይ ተገቢ ይመስለናል።

የእኛ ከተሞች ትምህርት ቤቶች የዓለም አትሌቲክስ ያለው ላቦራቶሪና የይግባኝ ሥርዓት የላቸውም። (በእኛ ሜዳ የተለመደው ጭቅጭቅ በዕድሜ ላይ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።) ቁመቷ የረዘመ፣ ድምፅዋ የጎረነነ የ14 ዓመት ልጅ ስታሸንፍ ግን ሹክሹክታ ይነሣል። ልጅቱም አፍራ ሩጫውን፣ አንዳንዴም ትምህርቱን ልትተው ትችላለች፤ ያን ጊዜ ለሴት ልጆች የተለየው ምድብ ሴት ልጅን አባረረ ማለት ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም እንዲህ ያለ ወሬ ከወላጆች ሲሰሙ በጉባኤ ፊት አያንሡት። የስፖርት መምህር፣ የተፎካካሪ ወላጅም ሆነ ዳኛ የልጅቱን አካል የመመርመር መብት የለውም። ቅሬታ ያለው ሰው ለውድድሩ ኮሚቴ በጽሑፍ ያቅርብ፤ ኮሚቴው በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይወስን፤ ጉዳዩ ወደ ሐኪም የሚሄደውም ልጅቱና ወላጆችዋ ሲስማሙ ብቻ ይሁን፤ ውጤቱም ለእነርሱ ብቻ ይነገር።