ሐረጎ ስንት ጁል ነው?

ደሴ፣ በአንድ ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር ደጃፍ። የጎረቤት ልጅ ደብተሯን ይዛ መጥታለች።

ልጅት፦ ጋሼ፣ እኔና ወንድሜ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ወጣን። እሱ ሮጦ በ5 ሴኮንድ ጨረሰ፤ እኔ በ15። ሁለታችንም 50 ኪሎ ነን። እሱ የበለጠ ሠራ ማለት ነው?

ጋሼ፦ መጀመሪያ ቁመቱን ንገሪኝ።

ልጅት፦ 20 እርከን ነው። አንዱን በማስመሪያ ስለካው 15 ሴንቲ ሜትር ሆነ።

ጋሼ፦ ስለዚህ ሽቅብ 3 ሜትር ወጥታችኋል። የምንፈልገው ይህንን ቁመት ብቻ ነው። ምድር 50 ኪሎ የሚመዝነውን ሰው በ50 ሲባዛ 9.8፣ ማለትም በ490 ኒውተን ትስበዋለች። ያንን በ3 ሜትር አባዢው።

ልጅት፦ 1470 ጁል። ጊዜው ግን የት ገባ?

ጋሼ፦ ሥራ ጊዜ አይጠይቅም። ሁለታችሁም እኩል 1470 ጁል ሠርታችኋል። ጊዜ የሚጠይቀው ፓወር ነው። እስቲ ሥራውን ለሴኮንዱ አካፍዪ።

ልጅት፦ የወንድሜ 294 ዋት፤ የኔ 98።

ጋሼ፦ ይኸውልሽ፤ ሥራችሁ እኩል፣ የወንድምሽ ፓወር ግን ሦስት እጥፍ። አሁን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወደሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ልውሰድሽ። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። አንድ ኩንታል ጤፍ ከታች ወደዚህ ቢመጣ፣ በጤፉ ላይ የሚሠራው 588,000 ጁል ነው። መኪና በ1 ሰዓት ቢያደርሰው ለጤፉ ብቻ 163 ዋት ይበቃል። ለሁለት አህያ ተከፍሎ በ6 ሰዓት ቢደርስ ደግሞ 27 ዋት። ጁሉ ግን ያው ነው።

ልጅት፦ 588,000 ብዙ ይመስላል።

ጋሼ፦ እናትሽ የምትጋግርበት ምጣድ 3500 ዋት የሚስብ ከሆነ፣ ያንን ሁሉ ጁል 3 ደቂቃ ሳይሞላ ይጨርሰዋል።

ልጅት፦ በ3 ደቂቃ የሐረጎ ዳገት! ታዲያ ጆንያ ተሸክሞ መኪና የሚጠብቀውስ? ላቡ ይንጠፈጠፋል እኮ።

ጋሼ፦ ጡንቻው በውስጥ ጉልበት ይጨርሳል፤ ድካሙ እውነት ነው። ጆንያው ግን ከፍ እስካላለ ድረስ በጆንያው ላይ የተሠራው ሥራ ዜሮ ነው።

ልጅት፦ እንግዲያው የቤት ሥራዬ አለቀ።

ጋሼ፦ አላለቀም። ሰዓቱን ስንት ጊዜ ለካሽ?

ልጅት፦ አንዴ፣ በሞባይል።

ጋሼ፦ ጣትሽ ግማሽ ሴኮንድ ቢዘገይ ያንቺ ውጤት የሚዛነፈው በ3 ዋት ገደማ ነው። የወንድምሽ ግን ወደ 30 ዋት ይዛነፋል፤ ጊዜው አጭር ነዋ። ነገ እሱን አምስት ጊዜ አስሩጪውና አማካዩን ያዢ። እየደከመው ከሄደ ደግሞ እያንዳንዱን ጊዜ ለየብቻ ጻፊው፤ ድካምም በዋት ይታያል።