ከሕፃን ልጅ ጋር ሐዋሳ የት እንረፍ?

ጥያቄ፦ ለገና የሁለት ዓመት ልጃችንን ይዘን ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ለመሄድ አስበናል። ምን ዓይነት ማረፊያ እንምረጥላት? ወባስ ያሰጋታል?

መልስ (ከሕፃናት ሐኪም)፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። በአገራችን ወባ በብዛት የሚታየው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ሲሆን፣ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከሐይቁ እይታ ይልቅ አጎበርና የመስኮት ወንፊት ያለውን ክፍል ያስቀድሙ፤ ከመክፈልዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ፤ ከሌለም አጎበሩን ከቤት ይዘው ይሂዱ። የወባ ትንኝ በብዛት የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ማታ ማታ ረጅም እጅጌ ያልብሷት። ከወባው ሌላ፣ ሆቴሉ መዋኛ ገንዳ ካለውና ገንዳው አጥር ከሌለው እኔ ሌላ ሆቴል እመርጣለሁ። እዚያ ሳላችሁም ሆነ ከተመለሳችሁ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ከያዛት፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ወስደው ሐዋሳ እንደነበረች ለሐኪሙ ይንገሩ።