ኤች አይ ቪ በሁሉም ሰው ላይ እኩል የማይፈጥነው ለምንድን ነው?



ስለ ኤች አይ ቪ ስናወራ ሁለት ዓይነት ወሬ እንሰማለን። አንደኛው «እገሊት ቫይረሱ ካለባት ስንት ዓመቷ! ምንም አልሆነችም» የሚል ነው። ሁለተኛው «እገሊት በሁለት ዓመት አለቀች፤ ምን ብትሠራ ነው?» የሚል ነው። ሁለቱም ያሳስታሉ። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ እንማር።

ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ

ኤች አይ ቪ የሚያጠቃው ሲዲ 4 የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ነው። እነርሱ በሽታ ሲመጣ ሌሎቹን መከላከያ ሴሎች የሚያስተባብሩ ናቸው። መድኃኒት ያልጀመረ ሰው ወደ ኤድስ ደረጃ ለመድረስ በአማካይ 10 ዓመት ገደማ ይወስድበታል። በ2 ወይም በ3 ዓመት የሚደርስ አለ፤ ከ20 ዓመት በላይ የሚቆይም ጥቂት ሰው አለ። ለዚህ ዕድሜ፣ የቫይረሱ ዓይነት፣ እንደ ቲቢ ያሉ በሽታዎችም ድርሻ አላቸው። አንዱ ምክንያት ግን ከእናትና ከአባት የምንወርሰው ጂን ነው።

በውርስ የሚመጣ ልዩነት

የአንድ እናት ልጆች ሆነው አንዷ ቀይ፣ አንዷ ጠይም ትሆናለች። በሽታ የመከላከል አቅማችንም እንዲሁ ይለያያል።

1. በሩ። ቫይረሱ ወደ ሴል ሲገባ ብዙውን ጊዜ ሲሲአር 5 በሚባል በር ይጠቀማል። ይህ በር እንዳይሠራ የሚያደርገውን ጂን ከሁለቱም ወላጆች የወረሱ ሰዎች በቫይረሱ የሚያዙት ከስንት አንዴ ነው። ከአንዱ ወላጅ ብቻ የወረሱት ቢያዙም በሽታው ይዘገይባቸዋል። ጢሞቲ ሬይ ብራውን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2007 በርሊን ውስጥ ለደም ካንሰር ሕክምና መቅኔ የተቀበለው በሩ ከሌለው ሰው ነበር፤ ከኤች አይ ቪም ዳነ። ሕክምናው ግን ለሕይወት የሚያሰጋ ስለሆነ ለሁሉም የሚሰጥ አይደለም። ይህ ጂን በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ የሚገኝ ሲሆን፣ በእኛ በአፍሪካውያን ዘንድ ግን የለም ማለት ይቻላል።

2. ማሳያው። በቫይረስ የተያዘ ሴል የቫይረሱን ቁራጭ ወደ ውጭ አውጥቶ ለመከላከያ ሴሎች ያሳያል፤ ሌባ የገባበት ቤት የሌባውን ነጠላ በመስኮት አውጥቶ ለዘበኛ እንደማሳየት ነው። ይህን የሚሠራው ኤች ኤል ኤ የሚባለው ነው፤ ዓይነቱም ከሰው ሰው ይለያያል። ቢ 57 የሚባለውን የወረሱ ሰዎች ቫይረሱ ራሱን ሳይጎዳ ሊለውጠው የማይችለውን ክፍል ያሳያሉ፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ላይ በሽታው ይዘገያል። አንዳንድ የቢ 35 ዓይነቶች ያሏቸው ላይ ደግሞ ይፈጥናል።

በአገራችን የታየው

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞችን ይከታተል ነበር። ቫይረሱ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን እንኳ የሲዲ 4 ቁጥራቸው ከአውሮፓውያን ዝቅ ያለ መሆኑ ታወቀ። ስለዚህ ቁጥርሽን ከሌላ ሰው ቁጥር ጋር አታወዳድሪ፤ ትርጉሙን የሚነግርሽ ሐኪም ነው።

ለእኛ ምን ማለት ነው?

ምንም ዓይነት መልክ ወይም ውፍረት የውስጡን አይናገርም። ያለ መድኃኒት ቫይረሱን የሚቆጣጠሩ ከ100 ሰዎች አንድ እንኳ አይሞሉም። «እኔ ደሜ ጠንካራ ነው» ብሎ መድኃኒት መተው ሕይወትን ለዕጣ መስጠት ነው። መድኃኒቱን በየቀኑ የምትወስድ ሴት ግን ዘሯ ምንም ይሁን ምን ረጅም ዕድሜ መኖር ትችላለች። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ከወረደ በግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም።

ኩዌት ውስጥ ለኢቃማ የሚደረገው ምርመራ ኤች አይ ቪን ይጨምራል፤ የተገኘበት የውጭ ዜጋ ወደ አገሩ ይመለሳል። ይህ ከባድ ሐዘን ነው፤ የሕይወት መጨረሻ ግን አይደለም። በኢትዮጵያ መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። እንዲህ የሆነባት እህት አገሯ እንደገባች ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ሕመም እስኪሰማት ወይም ሲዲ 4 እስኪወርድ አትጠብቅ።

በሽታው የፈጠነባት እህት ከሌላዋ የባሰ ኃጢአት አልሠራችም። ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠየቅ ጥፋቱን በእርሱም በወላጆቹም ላይ አላደረገም። እኛም በእህታችን አንፍረድ።

ለውይይት

- «ጤነኛ ትመስላለች» ማለት ለምን አይበቃም?
- ከኩዌት የተመለሰችን እህት ቤተሰቧ እንዴት ሊቀበላት ይገባል?