ፕሮቶኖች ለምን አይበታተኑም?

የሳይንስ አምዳችን ዛሬ ከክፍላችን በመጣ ጥያቄ ይጀምራል።

ባለፈው ስለ አቶም ስንማር አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ ተመሳሳይ ቻርጅ ይገፋፋል ብለውናል። ፕሮቶኖች ደግሞ ሁሉም ፖዘቲቭ ናቸው። ታዲያ ኒውክለስ ውስጥ ታጭቀው እንዴት ተቀመጡ?" ብላ ጠየቀች። ብዙዎቻችን ሳቅን። ቲቸር ግን አልሳቁም። "ይሄ ትልልቅ ሳይንቲስቶችን ብዙ ዓመት ያስጨነቀ ጥያቄ ነው። የሳቃችሁት መልሱን ፈልጋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ጻፉ" አሉን። እኛም ፈለግን።

ጥያቄዋ ትክክል ነው። ከተበላሸ ስፒከር ሁለት ማግኔት አውጥታችሁ ተመሳሳይ ጫፋቸውን ለማገናኘት ሞክሩ፤ እምቢ ብሎ ይገፋችኋል። ፕሮቶኖችም በኤሌክትሪክ ኃይል እንደዚያው ይገፋፋሉ። የአንድ ተራ ምስማር እያንዳንዱ የብረት አቶም 26 ፕሮቶን አለው፤ የወርቅ አቶም ደግሞ 79። የኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ ቢኖር ኖሮ ምስማርም ወርቅም እኛም ባልኖርን ነበር።

ስለዚህ የሚይዛቸው ሌላ ኃይል አለ ማለት ነው። ስሙ "ጠንካራው ኃይል" ይባላል። ኒውክለስ ውስጥ ከኤሌክትሪክ ኃይል 100 ጊዜ ያህል ይበረታል። ግን ሩቅ አይደርስም፤ የሚይዘው የቅርብ ጎረቤቱን ብቻ ነው። 92 ፕሮቶን ያለው የዩራኒየም ኒውክለስ የማይረጋውና ቀስ እያለ የሚፈርሰው ለዚህ ነው።

ኃይሉ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1964 መሪ ጌል-ማን እና ጆርጅ ዝዋይግ የተባሉ ሳይንቲስቶች፣ ፕሮቶን ራሱ ከትናንሽ ነገሮች የተሠራ ነው ብለው አሰቡ። ዛሬ ኳርክ እንላቸዋለን። ፕሮቶን 2 አፕ ኳርክና 1 ዳውን ኳርክ አለው። የአፕ ቻርጅ +2/3 ነው፣ የዳውን -1/3 ነው። ክፍልፋይ የተማረ ይደምር፦

2/3 + 2/3 - 1/3 = 3/3 = 1

የፕሮቶን ቻርጅ +1 የሆነው ለዚህ ነው! ኳርኮቹን የሚያጣብቀው ግሉዎን ይባላል። ከዚህ ማጣበቂያ ተርፎ ወደ ውጭ የሚደርሰው ነው ጎረቤት ፕሮቶኖችንና ኒውትሮኖችን አንድ ላይ የሚይዘው።

የዚህ ኃይል ጠባይ ይገርማል። ማግኔቶች ሲራራቁ ኃይላቸው ይደክማል። በኳርኮች መካከል ያለው ግን እንደ ላስቲክ ነው፤ ሲቀራረቡ ይላላል፣ ሲራራቁ ይወጠራል። ሲቀራረቡ እንደሚላላ እ.ኤ.አ. በ1973 በሂሳብ ያሳዩት ዴቪድ ግሮስ፣ ፍራንክ ዊልቸክ እና ዴቪድ ፖሊትዘር ናቸው። ዊልቸክና ፖሊትዘር ያኔ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። በ2004 ሦስቱም ኖቤል ሽልማት አገኙ።

ሂሳቡ ልክ መሆኑ በምን ይታወቃል? በማጋጨት። ጄኔቭ አጠገብ ሰርን በሚባል የምርምር ማዕከል 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ክብ ዋሻ ከመሬት በታች አለ። ርዝመቱ ከዚህ ከሰበታ አዲስ አበባ መሀል ድረስ እንደመሄድ ነው። ፕሮቶኖች ይህን ዙር በአንድ ሰከንድ ከ11,000 ጊዜ በላይ ይዞሩና ይጋጫሉ። የተመታ ኳርክ ሊያመልጥ ሲል ላስቲኩ ይወጠርና ይበጠሳል። ኳርኩ ግን ብቻውን አይወጣም፤ ኤነርጂው ወደ አዳዲስ ኳርኮች ተቀይሮ ብዙ ቅንጣቶች እንደ ርችት ይረጫሉ። የቲዎሪ ሳይንቲስቶች ርጭቱ በየት በኩል፣ ምን ያህል መሆን እንዳለበት አስቀድመው ያሰላሉ። ከዚያ ከተለካው ጋር ይተያያል። ከገጠመ ሂሳቡ ፈተናውን አለፈ፤ ካልገጠመ እንደገና ይታሰባል።

እንዲህ ያለ ግጭት ከወጨጫ ተራራ በላይ ባለው ሰማይም አለ። ከጠፈር የሚመጡ ፕሮቶኖች ከአየር አቶሞች ጋር ይጋጫሉ። ከግጭቱ የሚወጡ ቅንጣቶች ይህን ስታነቡ እንኳን በሰውነታችሁ ውስጥ እያለፉ ነው።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? እሷ ባትጠይቅ ይህን ሁሉ አናውቅም ነበር። ስለሳቅንብሽ ይቅርታ እህታችን።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ ኒውትሮን 1 አፕና 2 ዳውን ኳርክ አለው። ቻርጁ ስንት ነው? ስሌቱን ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!